ኳንተም አንጎልን ያብራራል ለሚሉ፦ መጀመሪያ ሰዓቱን እንቁጠር

አንጎል የሚሠራው በኳንተም ፊዚክስ ነው የሚለው ንግግር አሁን አሁን በአማርኛም በዝቷል። በማነቃቂያ ቪዲዮዎች ላይ ሐሳብ የኳንተም ኃይል እንደሆነ ይነገራል፤ ከፍ ሲልም የኖቤል ተሸላሚ ስም ይጠቀሳል። ከሥሩ ያለው አካሄድ ብዙ ጊዜ አንድ ነው። ንቃተ ህሊና ምን እንደሆነ እስካሁን በውል አልታወቀም፤ የኳንተም ዓለምም ለመረዳት ይከብዳል፤ ስለዚህ አንደኛው ከሌላኛው ይመነጫል ይባላል። ያልገቡንን ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን ብናስቀምጥ ግን አንዱም አልተብራራም።

ይህን የምጽፈው ሐሳቡን ለማጣጣል አይደለም። ከጀርባው ቁም ነገረኛ ሰዎች አሉ፤ ሥራቸውም በቁጥር ሊፈተሽ የሚችል ነው፤ ስለዚህ በቁጥር ይፈተሽ። መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ይህ ነው፦ በአንጎል ውስጥ አለ የሚባለው የኳንተም ሁኔታ ሳይፈርስ ምን ያህል ጊዜ ይቆያል? አንጎልስ ሥራውን ለመሥራት ምን ያህል ጊዜ ያስፈልገዋል? ሁለቱ ቁጥሮች ጎን ለጎን እስካልተጻፉ ድረስ ክርክሩ ገና አልተጀመረም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ኳንተም» በሚለው አንድ ቃል ሥር ሦስት የተለያዩ አባባሎች ይደባለቃሉ። የመጀመሪያው፣ አንጎል ከአቶሞች የተሠራ ስለሆነ ኬሚስትሪው በኳንተም ሕግ ይገዛል የሚለው ነው። ይህ ፍጹም እውነት ነው፤ ግን ለምጣዱም፣ ለእንጀራውም፣ ለጉልቻውም እኩል እውነት ስለሆነ ስለ አእምሮ የሚነግረን ልዩ ነገር የለም። ሁለተኛው፣ በሕይወት ያሉ ነገሮች ውስጥ አንዳንድ ሞለኪውሎች ለአጭር ጊዜና በአጭር ርቀት የኳንተም ባሕርይን ለሥራቸው ይጠቀማሉ የሚለው ነው። ይህም በተወሰኑ ቦታዎች ተፈትሾ ያለፈ ነው። ሦስተኛው፣ አንጎል ውስጥ ቁጥር ስፍር የሌላቸው ሞለኪውሎች በአንድ የኳንተም ሁኔታ ተሳስረው፣ ለማሰብ በሚበቃ ጊዜ ሳይበታተኑ ይቆያሉ የሚለው ነው። የምጠራጠረው ይህን ሦስተኛውን ነው። ብዙ ንግግሮች በመጀመሪያው ጀምረው፣ ሁለተኛውን በምሳሌ ጠቅሰው፣ ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ ድልድዩን የሠራው ማን እንደሆነ አይነግሩንም።

ልዩነቱን በወረቀትና በስሌት መኪና ማየት ይቻላል። የነርቭ ሴል መልእክት የሚያስተላልፈው በዋናነት ሶዲየምና ፖታሲየም አዮኖችን (የኤሌክትሪክ ሙል ያላቸውን አቶሞች) በሽፋኑ በኩል በማስገባትና በማስወጣት ነው። ሴሉ ሲያርፍ ውስጡ ከውጭው በ70 ሚሊቮልት ገደማ ዝቅ ይላል፤ የሶዲየም በሮች ሲከፈቱ አዮኖቹ ይጎርፋሉ፤ ቮልቴጁ ከዜሮ በላይ ይወጣና በ1 ወይም 2 ሚሊሰከንድ ውስጥ ይመለሳል። ሆጅኪንና ሃክስሊ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1952 ይህን በስኩዊድ ወፍራም ነርቭ ላይ ለክተው በተለመዱ የኤሌክትሪክ እኩልታዎች ጻፉት፤ በ1963ም ኖቤል አገኙበት። እኩልታዎቹ ውስጥ የኳንተም ሞገድ የለም፤ ውጤታቸው ግን ዛሬም ከመለኪያው ጋር ይገጥማል።

ለምን እንደሚገጥም እንመልከት። ማንኛውም ቅንጣት ሞገዳዊ ባሕርይ አለው፤ የሞገዱ ርዝመት በክብደቱና በሙቀቱ ይወሰናል። በሰውነት ሙቀት፣ ማለትም በ310 ኬልቪን፣ የሶዲየም አዮን የሙቀት ሞገድ ርዝመት ሲሰላ 0.02 ናኖሜትር ገደማ ይወጣል (ናኖሜትር የሜትር ቢሊዮንኛ ነው)። አዮኑ ራሱ ስፋቱ 0.2 ናኖሜትር ያህል ነው፤ የሴሉ ሽፋን ደግሞ 5 ናኖሜትር አካባቢ። ሞገዱ የአዮኑን አንድ አሥረኛ፣ የሽፋኑን ደግሞ ሁለት መቶ ሃምሳኛ ብቻ ያክላል ማለት ነው። ስለዚህ አዮኑ እዚህም እዚያም እንዳለ ሞገድ ተዘርግቶ ሽፋኑን አያቋርጥም፤ እንደ ትንሽ ኳስ በበሩ ያልፋል። ስሌቱን ለፕሮቶን ስንደግመው 0.1 ናኖሜትር ይሆናል፤ ለኤሌክትሮን ደግሞ ከ4 ናኖሜትር ይበልጣል። ኤሌክትሮን በፕሮቲን ውስጥ ከቦታ ቦታ ሰርስሮ ማለፉ፣ ሃይድሮጅንም በአንዳንድ ኢንዛይሞች ውስጥ በጣም አጭር ርቀት በዚያው መንገድ መሻገሩ የማያስገርመው ለዚህ ነው። ኳንተም በሰውነታችን ውስጥ አለ፤ የነርቭ መልእክትን የሚሸከሙት አዮኖች ግን ለዚያ ከባድ ናቸው።

«ተመልካች» ስለሚባለው ነገር

ሌላው የግራ መጋባት ምንጭ አንድ ቃል ነው። የኳንተም መጻሕፍት «ቅንጣቱ ሲታይ ሁኔታው ይወሰናል» ሲሉ፣ ብዙ ሰው «ማየት» የሚለውን ከሰው ዓይንና ከሰው ህሊና ጋር ያያይዘዋል። ከዚያ ወዲያ ህሊና ዓለምን ይፈጥራል የሚለው መደምደሚያ ሩቅ አይሆንም። በፊዚክስ ቤተ ሙከራ ግን ለማየት ሰው አያስፈልግም።

ለዚህ ቪየና የተሠሩት ሙከራዎች ከሁሉ የጠራውን ማስረጃ ይሰጣሉ። በ1999 ተመራማሪዎቹ 60 የካርበን አቶሞች በእግር ኳስ ቅርጽ የተያያዙበትን ሞለኪውል በጣም ጠባብ ቀዳዳዎች ባሉት ወንፊት አሳልፈው፣ ልክ እንደ ብርሃን የሞገድ ዝንጉርጉር ንድፍ ሲሠራ አሳዩ። በ2004 ደግሞ 70 ካርበን ያለውን ሞለኪውል ከመግባቱ በፊት በሌዘር አሞቁት። የሞቀ ነገር ብርሃን ይረጫል፤ የተረጨው ብርሃን ሞለኪውሉ በየት በኩል እንዳለፈ የሚናገር ምልክት ይዞ ይወጣል። ሙቀቱ እየጨመረ ሲሄድ ንድፉ እየደበዘዘ መጣ፤ ወደ 3,000 ኬልቪን ሲጠጋ ጨርሶ ጠፋ። ያንን ብርሃን ማንም አላየውም። ወጥቶ መሄዱ ብቻውን በቂ ነበር። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2003 በባዶው ክፍል ውስጥ ጥቂት ጋዝ ሲለቁም ንድፉ በጋዙ ግጭት ብቻ ጠፍቷል። የፊዚክስ ሰዎች ይህን መፍረስ ዲኮሄረንስ ይሉታል፤ የኳንተም ሁኔታ በዙሪያው ካለው ነገር ጋር በመነካካቱ የተነሳ መበተኑ ነው።

አሁን ያንን ሞለኪውል ከባዶው ክፍል አውጥተን፣ በ37 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ በጨዋማ ውሃ ውስጥ፣ በየሰከንዱ በትሪሊዮን የሚቆጠር የውሃ ሞለኪውል የሚገጨው ቦታ ላይ እናስቀምጠው። አንጎል ማለት ያ ቦታ ነው። በሱፐርኮንዳክተር የሚሠሩት የኳንተም ኮምፒውተሮች ከፍጹም ዜሮ በላይ የኬልቪን ሃምሳኛ በማይሞላ ቅዝቃዜ ውስጥ ተቀምጠው እንኳ ሁኔታቸውን የሚይዙት ለማይክሮሰከንዶች፣ በጣም ቢሳካላቸው ለሚሊሰከንድ ገደማ ነው።

የፔንሮዝና የሃመሮፍ ሐሳብ በቅርበት

በዚህ መስክ በዝርዝር የተሠራውና በዝርዝር ሊሞገት የሚችለው የሰር ሮጀር ፔንሮዝና የስቱዋርት ሃመሮፍ ሐሳብ ነው። ፔንሮዝ የሒሳብና የፊዚክስ ሊቅ ናቸው፤ የ2020ውን የኖቤል ሽልማት የተካፈሉት ግን በጥቁር ጉድጓዶች ላይ በሠሩት ሥራ እንጂ በአንጎል ጥናት አይደለም። ሃመሮፍ በአሪዞና ዩኒቨርሲቲ የሰመመን ሐኪም ናቸው።

የፔንሮዝ መነሻ ሒሳብ ነው። ኩርት ጎደል የተባለው የሒሳብ ሊቅ በ1931 ያረጋገጠው፣ እርስ በርሱ የማይጋጭና መሠረታዊ ሒሳብን የሚሸፍን ማንኛውም የሒሳብ ሕጎች ሥርዓት፣ እውነት ሆነው ሳለ በውስጡ ሊረጋገጡ የማይችሉ ዓረፍተ ነገሮች እንዳሉት ነው። ፔንሮዝ ከዚህ ተነስተው፣ የሰው ሒሳበኛ እነዚያን እውነቶች ማየት ስለሚችል አእምሮው የኮምፒውተር ፕሮግራም ሊሆን አይችልም አሉ። እዚህ ላይ ክፍተቱ ግልጽ ነው፤ የጎደል ውጤት የሚሠራው ሥርዓቱ እርስ በርሱ እንደማይጋጭ ከታወቀ ብቻ ነው፤ የሰው አእምሮ ግን እንደማይጋጭ ማንም አላረጋገጠም። ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላም ነገር አለ። የታወቀው የኳንተም ፊዚክስ ራሱ ሊሰላ የሚችል ነው፤ የኳንተም ኮምፒውተር ተራው ኮምፒውተር በመርህ ደረጃ ሊያሰላው የማይችለውን አያሰላም፤ አንዳንዱን ብቻ በጣም ያፈጥነዋል። ስለዚህ ለፔንሮዝ ያለው የኳንተም ፊዚክስ አይበቃቸውም። ከስበት ጋር የተያያዘ፣ ገና ያልተገኘ አዲስ ሕግ ያስፈልጋቸዋል። «ኳንተም ፊዚክስ ያብራራዋል» እያለ ስማቸውን የሚጠቅስ ሰው እሳቸው ያላሉትን እያስባላቸው ነው።

ቦታውን የሰጧቸው ሃመሮፍ ናቸው፤ ማይክሮቲዩቡል። ይህ በሴል ውስጥ ያለ ባዶ ቱቦ ነው፤ የውጭ ስፋቱ 25 ናኖሜትር ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ 13 ዘንጎች ጎን ለጎን ተጣብቀው ይሠሩታል። እያንዳንዱ ዘንግ ቱቡሊን ከሚባል ፕሮቲን ጥንዶች የተደረደረ ነው፤ የአንዱ ጥንድ ርዝመት 8 ናኖሜትር ነው። ሥራው በደንብ ይታወቃል፤ የሴሉን ቅርጽ ይደግፋል፣ ሴል ሲከፈል ክሮሞሶሞችን ይጎትታል፣ በነርቭ ውስጥ ደግሞ እንደ ሐዲድ ያገለግላል። ካይነሲን የሚባለው ፕሮቲን ሸክሙን ተሸክሞ በዚህ ሐዲድ ላይ በሁለት እግሩ ይራመዳል፤ ለአንድ 8 ናኖሜትር እርምጃ አንድ ኤቲፒ፣ ማለትም አንድ የሴል ነዳጅ ሞለኪውል፣ ይከፍላል። ይህን በሌዘር ወጥመድ ይዘው እርምጃ በእርምጃ ለክተውታል።

እንደ ፔንሮዝና ሃመሮፍ ሐሳብ፣ ቱቡሊኖች በሁለት ሁኔታ በአንድነት ይገኛሉ፤ በቢሊዮን የሚቆጠሩት ተሳስረው ይቆዩና በስበት ምክንያት በራሳቸው ይወድቃሉ፣ ማለትም ከሁለቱ ሁኔታ ወደ አንዱ ይወሰናሉ፤ ያ ውድቀት አንድ የንቃት ቅጽበት ይሆናል። ጊዜውን የሚያሰላው ቀመር ቀላል ነው፤ የፕላንክን ቋሚ ቁጥር (በሁለት ፓይ የተካፈለውን) በሁለቱ ሁኔታዎች መካከል ላለው የስበት ጉልበት ማካፈል ነው። ለንቃት የሚያስፈልገውን ጊዜ ከአንጎል የ40 ኸርዝ (በሰከንድ 40 ጊዜ) ምት ጋር ሲያገጥሙት 25 ሚሊሰከንድ ይሆናል።

እዚህ ላይ እስክሪብቶ እናንሳ። ያንን የፕላንክ ቁጥር፣ 1.055×10⁻³⁴ን፣ ለ0.025 ሰከንድ ስናካፍል 4.2×10⁻³³ ጁል ይወጣል። ያ የስበት ጉልበቱ ነው። በሰውነት ሙቀት ያለውን የሙቀት ጉልበት ለማግኘት የቦልትዝማንን ቋሚ፣ 1.38×10⁻²³ን፣ በ310 እናባዛው፤ 4.28×10⁻²¹ ጁል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው አንድ ትሪሊዮን ጊዜ ይበልጣል። ይህንኑ በጊዜ ስናየው፣ ሙቀት ራሱ የሚያወጣው የጊዜ ልክ 25 ፌምቶሰከንድ ገደማ ነው (ፌምቶሰከንድ የሰከንድ ሚሊዮን ቢሊዮንኛ ነው)፤ የሚፈለገው ደግሞ 25 ሚሊሰከንድ። አንዱን ፌምቶ፣ ሌላውን ሚሊ የሚለየው ያው ትሪሊዮን ነው። 25 ፌምቶሰከንድን አንድ ሰከንድ ብንለው፣ 25 ሚሊሰከንድ ከ31,000 ዓመት በላይ ይሆናል። የአክሱም ታላላቅ ሐውልቶች ከተተከሉ ገና 1,700 ዓመት ገደማ ነው።

ይህ ንጽጽር ብቻውን ሐሳቡን አይጥለውም። ከዙሪያው በሚገባ የተከለለ ነገር ከሙቀት ልኩ በላይ ሊቆይ ይችላል። ግን ምን ያህል መከለል እንዳለበት ይነግረናል፤ ከለላውንም ማሳየት ያለበት ሐሳቡን ያቀረበው ወገን ነው።

የፊዚክስ ተመራማሪው ማክስ ቴግማርክ በ2000 ያሰሉት ይህንኑ ነው። አንድ ነርቭ ተኩሷልም (መልእክት ልኳልም) አልተኮሰምም የሚባል ድርብ ሁኔታ ቢፈጠር፣ አንድ ሚሊዮን ያህል የሶዲየም አዮኖች በሽፋኑ ወዲህና ወዲያ በአንድነት መገኘት አለባቸው። አዮኖቹ እርስ በርስ፣ ከውሃውና በሩቅ ካሉ ሌሎች አዮኖች ጋር ሲነካኩ ያ ሁኔታ በ10⁻²⁰ ሰከንድ ውስጥ ይፈርሳል። ለማይክሮቲዩቡል ያገኙት 10⁻¹³ ሰከንድ ነው፤ የሰከንድ አሥር ትሪሊዮንኛ። ነርቭ የሚሠራው ከሚሊሰከንድ በላይ ነው።

መልስ አልጠፋም። ሄጋን፣ ሃመሮፍና ቱሺንስኪ በ2002 ሲጽፉ ቴግማርክ የሐሳባቸውን ትክክለኛ ስሪት እንዳላሰሉ ተከራከሩ፤ በሁለቱ ሁኔታዎች መካከል የወሰዱት ርቀት በጣም ሰፊ ነው፣ ቀመራቸውም ሙቀት ሲቀንስ መፍረሱ ይፈጥናል የሚል እንግዳ ውጤት ይሰጣል አሉ። ይህ ተገቢ ትችት ነው። ራሳቸው አስተካክለው ያገኙት ግን ከ10⁻⁵ እስከ 10⁻⁴ ሰከንድ ነው። ትልቁን ብንወስድ እንኳ ከ25 ሚሊሰከንድ 250 ጊዜ ያንሳል። ቀሪውን ክፍተት የሚሞሉት ማይክሮቲዩቡሉን የሚከብብ ጄል፣ የተደረደረ ውሃና የአዮን ሽፋን ይከልለዋል በሚል ግምት ነው። ካይነሲን በዚያው ቱቦ ላይ ኤቲፒ እያቃጠለ ሲራመድ፣ ከለላው እንዴት እንደሚጸና በሙከራ የታየ ነገር የለም።

በ2009 ከአውስትራሊያ የመጣው የማክኬሚሽና የባልደረቦቻቸው ትችት ደግሞ ከሰዓቱ ይልቅ ኬሚስትሪውን ይይዛል። የመጀመሪያው ሐሳብ ቱቡሊን በሁለት ቅርጾች መካከል ወዲህና ወዲያ ይቀያየራል ይል ነበር። ቱቡሊን ቅርጹን የሚለውጠው ግን ጂቲፒ የተባለውን ነዳጅ ከማቃጠሉ ጋር ተያይዞ፣ ቱቦው ሲገነባና ሲፈርስ ነው፤ ቆሞ ባለ ቱቦ ውስጥ በሰከንድ 40 ጊዜ ይቀያየር ቢባል ሴሉ የማይችለው የጉልበት ወጪ ይመጣል። ከዚህ በኋላ ሐሳቡ ከቅርጽ ወደ ኤሌክትሮን ተሸጋገረ፤ ትሪፕቶፋን በተባለው አሚኖ አሲድ ቀለበቶች ውስጥ ወዳለው ዲፖል (የኤሌክትሪክ ሙል አለመመጣጠን) እና ስፒን (ቅንጣትን እንደ ትንሽ ማግኔት የሚያደርገው የኳንተም ባሕርይ)። ሳይንቲስት ሐሳቡን ማሻሻሉ ነውር የለበትም። ነገር ግን ቦታው በተቀየረ ቁጥር ያ 25 ሚሊሰከንድ ሳይነካ ሲቀር ልብ ማለት ይገባል፤ ቁጥሩ ከሞለኪውሉ የተገኘ ሳይሆን ከአንጎል ምት ተወስዶ ሞለኪውሉ ላይ የተጫነ ነው።

በ2024 ስለ ትሪፕቶፋን የወጣ ጥናት ብዙ ተወርቶለታል። የተለካው በአልትራቫዮሌት ብርሃን ሲመታ ተሰብስቦ የተደረደረው ትሪፕቶፋን ብርሃን መልሶ የመርጨት ብቃቱ ነው። ጥሩ የፎቶፊዚክስ ሥራ ነው። ከዚያ ተነስቶ በጨለማው የራስ ቅል ውስጥ ሐሳብ በዚህ ይሸከማል ለማለት ግን ብርሃኑ ከየት መጣ፣ ምን ያህል ነው፣ ስንት ጊዜ ይቆያል የሚሉት ሦስቱም አልተመለሱም።

የስበቱ ውድቀት ራሱም ተፈትኗል። ኢጣሊያ ውስጥ ግራን ሳሶ በተባለው ቦታ፣ ከ1,400 ሜትር ቋጥኝ በታች፣ ተመራማሪዎች ንጹሕ ጀርማኒየም ላይ ጠብቀው ነበር። ውድቀቱ ቅንጣቶችን የሚያንቀጠቅጥ ከሆነ የኤሌክትሪክ ሙል ያላቸው ቅንጣቶች ደካማ ጨረር መርጨት አለባቸው። የተጠበቀው መጠን አልታየም፤ በ2020 የወጣው ውጤት ቀላሉን ስሪት ዘግቷል። ፔንሮዝ የራሳቸው ስሪት ጨረሩን እንደማይጠይቅ ይናገራሉ፤ ስለዚህ በሩ ጨርሶ አልተዘጋም፤ ጠቧል።

ማደንዘዣው ምን ይነግረናል

ሃመሮፍ ሰመመን ሰጪ ስለሆኑ ጠንካራ ጥያቄ ያነሳሉ፦ ማደንዘዣ ጋዝ ንቃትን ያጠፋል፣ ሌላውን ብዙውን የአንጎል ሥራ ግን ይተዋል፤ ታዲያ የት ነው የሚይዘው? የእሳቸው መልስ ማይክሮቲዩቡል ነው። በ2024 በአይጦች ላይ የተሠራ ሙከራ ይደግፋቸዋል ይባላል። ማይክሮቲዩቡልን የሚያጸና ኤፖቲሎን ቢ የተባለ መድኃኒት የተሰጣቸው አይጦች አይሶፍሉሬን በተባለው ማደንዘዣ ጋዝ ለመደንዘዝ በአማካይ 69 ሰከንድ ዘግይተዋል።

ውጤቱን በቀና ልብ እንውሰደው። ማይክሮቲዩቡል በማደንዘዣ ሥራ ውስጥ ድርሻ ሊኖረው ይችላል። ይህ ግን ስለ ኳንተም ምንም አይናገርም፤ ሐዲዱ ሲጠነክር የሸክም ጉዞው ይለወጣል፣ ነርቮች በሚገናኙበት ቦታ (በሲናፕስ) ያለው አቅርቦት ይለወጣል፣ ያም በተራ ኬሚስትሪ መንገድ መዘግየት ሊያመጣ ይችላል። በአንጻሩ ፕሮፖፎልና ኢቶሚዴት ለተባሉት ማደንዘዣዎች የሞለኪውል ማብሪያ ማጥፊያው ተገኝቷል። በ2003 የወጣ ሥራ ላይ፣ ጋባ የተባለውን ነርቭ የሚያረጋጋ ኬሚካል የሚቀበለው ፕሮቲን (የጋባ ተቀባይ) ቤታ 3 ክፍል በ265ኛው ቦታ ያለው አስፓራጅን የተባለ አሚኖ አሲድ በሜቲዮኒን እንዲተካ ተደርገው የተወለዱ አይጦች በእነዚህ ሁለት መድኃኒቶች የመደንዘዝ ኃይላቸው በእጅጉ ቀንሶ ተገኝቷል። ማይክሮቲዩቡላቸው አልተነካም፤ የተቀየረው አንዲት አሚኖ አሲድ ናት። በአገራችን የቀዶ ሕክምና ክፍሎች በደንብ የሚታወቀው ኬታሚን ደግሞ በዋናነት የሚይዘው ሌላ ተቀባይ ነው፤ ነርቭን የሚያነቃቃውን የግሉታሜትን። ማደንዘዣዎች ብዙ በር እንዳላቸው ማስረጃው ያሳያል፤ አንድ ምስጢራዊ ቦታ መፈለጉ ራሱ ጥርጣሬ ውስጥ የሚገባው ለዚህ ነው።

አንዳንድ ተጠራጣሪዎች የሪህ መድኃኒቱን ኮልቺሲንን ያነሳሉ፤ ማይክሮቲዩቡልን ያፈርሳል፣ የሚውጠው ሰው ግን ራሱን አይስትም ይላሉ። ይህን መከራከሪያ ባንጠቀምበት ይሻላል፤ ኮልቺሲን ከደም ወደ አንጎል የሚገባው በጣም ጥቂት ነው። ይልቅ የሚከብደው ጥያቄ ማይክሮቲዩቡል በጉበትም፣ በቆዳም፣ በሽንኩርት ሥርም፣ በጠላ እርሾም ውስጥ መኖሩ ነው። ሃመሮፍ በነርቭ ቅርንጫፎች ውስጥ ቱቦዎቹ በተለየ አቅጣጫ ተደርድረዋል፣ ቶሎም አይፈርሱም ብለው ይመልሳሉ። ያ ልዩነት ለምን የኳንተም ዕድሜን በቢሊዮን እጥፍ እንደሚያረዝም ግን ስሌት አልቀረበበትም።

ጥሩ የኳንተም ሐሳብ ምን ይመስላል

ጥርጣሬ ማለት ሁሉንም መካድ እንዳይመስል፣ በሕይወት ውስጥ ኳንተም የታየባቸውን ላንሳ። ዓይናችን ውስጥ ያለው በትር መሰል ሴል ለአንዲት የብርሃን ቅንጣት መልስ ይሰጣል። ብርሃኑ ሬቲናል የተባለውን ብርሃን ተቀባይ ሞለኪውል ሲመታ ሞለኪውሉ ታጥፎ የነበረውን ጅራቱን በ200 ፌምቶሰከንድ ገደማ ውስጥ ይዘረጋል፤ ይህ እውነተኛ የኳንተም ክስተት ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ግን የፕሮቲን ቅብብሎሽ ነው፤ አንዱ ሌላውን እያስነሳ፣ ምልክቱን እያጎላ፣ የሴሉ መልስ በመቶዎች በሚቆጠሩ ሚሊሰከንዶች ውስጥ ይታያል። ኳንተሙ በሩ ላይ ቀረ፤ ቤቱ ውስጥ የገባው ኬሚስትሪ ነው። አንጎል የኳንተም ክስተትን «ይሰማል» ሲባል በዚህ መጠን ትክክል ነው።

በዕፅዋትና በባክቴሪያ የብርሃን አሰባሰብ ላይ የሆነው ደግሞ ትምህርት የሚሰጥ ነው። በ2007 በአረንጓዴ የሰልፈር ባክቴሪያ ፕሮቲን ላይ፣ በ77 ኬልቪን፣ ከ600 ፌምቶሰከንድ በላይ የቆየ መወዛወዝ ተለካ፤ ጉልበት በኳንተም ሞገድ መንገዱን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይፈትሻል ተባለ። በ2010 በክፍል ሙቀት አቅራቢያ ተደገመ፤ ዕድሜው አጠረ። ከዚያ በተሻለ መሣሪያ ሲፈተሽ፣ ረጅሙ መወዛወዝ በዋናነት ከሞለኪውሎቹ ንዝረት እንደሚመጣ መስኩ ውስጥ ያሉት ራሳቸው በ2020 በጋራ ጻፉ። «ዕፅዋት እንኳ ኳንተም ይጠቀማሉ፣ አንጎል ለምን አይጠቀምም» የሚል ሰው የሚጠቅሰው ብዙ ጊዜ የ2007ቱን ነው፤ እርማቱን አይጠቅስም።

ከሁሉ የማደንቀው የወፎቹን ጉዳይ ነው። ሮቢን የተባለችው የአውሮፓ ወፍ የምድርን መግነጢስ የምትለየው በዓይኗ ባለ ክሪፕቶክሮም ፕሮቲን፣ በብርሃን በሚፈጠሩ የኤሌክትሮን ጥንዶች ነው የሚል ሐሳብ አለ። ሰዓቱ ተጽፏል፦ ማይክሮሰከንድ። ማጥፊያውም ተጽፏል፤ እንዲህ ከሆነ በጣም ደካማ የሬዲዮ ሞገድ ኮምፓሱን ማበላሸት አለበት። በ2014 ከኦልደንበርግ ጀርመን የወጣው ሥራ ይህን አሳየ። ወፎቹ በእንጨት ጎጆዎች ውስጥ ተቀምጠው፣ ጎጆዎቹ በአሉሚኒየም ተሸፍነው ሽፋኑ ከመሬት ጋር በሽቦ ሲያያዝ፣ ከከተማው የኤሌክትሪክ መሣሪያዎች የሚወጣው ጫጫታ ተከለለና ወፎቹ አቅጣጫቸውን አወቁ፤ ሽቦው ሲነቀል ጠፋባቸው። ሐሳቡ ገና አላለቀም። ነገር ግን ሽቦ ሲነቀልና ሲሰካ የሚለወጥ ነገር አለው።

ስለ አንጎል ከቀረቡት ውስጥ ሰዓቱን በአግባቡ ያነሱት የፊዚክስ ተመራማሪው ማቲው ፊሸር ይመስሉኛል። በ2015 ያቀረቡት፣ ከዙሪያው ጋር እምብዛም የማይነካካ ነገር ከተፈለገ የፎስፎረስ አቶም አስኳል ስፒን የተሻለ ነው የሚል ነው፤ ፖስነር በተባለ የካልሲየምና የፎስፌት ስብስብ ውስጥ ተጠብቆ ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል ብለው ገመቱ። በ2018 ሌሎች በዝርዝር ሲያሰሉት ጣሪያው ወደ 37 ደቂቃ ወረደ። 37 ደቂቃ አሁንም ለአንጎል ሰፊ ጊዜ ነው፤ ጥያቄው እነዚያ ስብስቦች በነርቭ ውስጥ አሉ ወይ፣ ስፒናቸውስ ነርቭ እንዲተኩስ እንዴት ያደርጋል የሚለው ሆኗል። ክርክሩ ተጨባጭ ነው፤ ሁለቱም ወገኖች ስለ አንድ ቁጥር ነው የሚነጋገሩት።

እንግዲህ አዲስ ቪዲዮ ወይም ጽሑፍ ሲያጋጥማችሁ ወረቀት አውጡና አራት ነገር ጻፉ፤ የትኛው ቅንጣት ነው፣ ስንቱ ነው የተሳሰረው፣ በምን ርቀት ነው ሁለት ቦታ የሚገኘው፣ ስንት ጊዜ ይቆያል። ከዚያ ማጥፊያውን ጠይቁ፤ ምን ቢቀየር ውጤቱ ይጠፋል? አይሶቶፕ (የአንድ ንጥረ ነገር በአስኳሉ ክብደት ብቻ የሚለይ ዓይነት)፣ ዘረ መል፣ የሬዲዮ ሞገድ፣ ሙቀት። አራቱ ባዶ ሆነው «ኃይል»፣ «ንዝረት»፣ «ድግግሞሽ» የሚሉ ቃላት ብቻ ከቀሩ፣ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት፣ በተለይ የሕክምና ገንዘብ ከሆነ፣ ቁሙ። የታመመ ሰው በኳንተም ስም መድኃኒቱን ሲያቋርጥ የሚከፈለው ዋጋ በቪዲዮው ላይ አይታይም።

እኔን ሊያናውጠኝ የሚችል ውጤት አለ። በ2018 በአይጦች ላይ በታተመ ሙከራ፣ ዜኖን የተባለው ማደንዘዣ ጋዝ አራት አይሶቶፖች ለማደንዘዝ ተሞከሩ። የአስኳል ስፒን ያላቸው ዜኖን 129ና 131፣ ስፒን ከሌላቸው 132ና 134 ይልቅ የማደንዘዝ ኃይላቸው በግልጽ ዝቅ ብሎ ተገኘ። በኬሚስትሪ አራቱም አንድ ናቸው ማለት ይቻላል። ይህ ልዩነት ከጸና፣ መድኃኒት እንደ ቁልፍ በተቀባዩ መቆለፊያ ይገጥማል የሚለው ተራ ማብራሪያ አይበቃም። ስለዚህ የሚያስፈልገው ተጨማሪ ፍልስፍና አይደለም፤ በሌሎች ቤተ ሙከራዎች፣ ንጽሕናቸው በተለካ አራት ሲሊንደሮች፣ መለያቸው ለመዛኙ በተሰወረ፣ አይጧ ከጎኗ ተገልብጣ መነሳት ሲያቅታት የሚመዘግበው ሰው የትኛውን ጋዝ እንደተነፈሰች ሳያውቅ፣ በየትንፋሹ ያለው የጋዝ መቶኛ በመለኪያ እየተነበበ ሙከራው እንዲደገም ነው።